ለእርጉዝ በግ መኖ የሚጨመርበት ጊዜና አሰጣጡ

የእርጉዝ በግ ረሃብ ቶሎ አይታይም። መኖ ሲጎድልባት ከራሷ ስብና ሥጋ እየቆረሰች ጽንሱን ስለምትመግብ፣ ጉዳቱ የሚገለጠው ወልዳ ግቷ ባዶ ሲሆንና ግልገሏ በብርድ ሲንቀጠቀጥ ነው። ጽንሱ ከሚወለድበት ክብደት 70 በመቶ ያህሉን የሚጨምረው በመጨረሻዎቹ 6 ሳምንታት ሲሆን፣ ወተት የሚያመነጨው የግቷ ክፍልም በብዛት የሚዳብረው በዚሁ ጊዜ ስለሆነ፣ ያን ጊዜ የተራበች በግ ከወለደች በኋላ ብትጠግብም ያመለጣትን ሙሉ በሙሉ አታካክስም።

ስለዚህ በጎጃም ደጋ የዋሸራን በግ የሚያረባ ገበሬ መጀመሪያ የመውለጃዋን ቀን ማስላት ይኖርበታል። በግ የምታረግዘው 150 ቀን ያህል ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ወር 30 ቀን በመሆኑ ጳጉሜን በመካከል ካልገባች በቀር በአውራው ከተጠቃችበት ቀን አንሥቶ አምስት ወር መቁጠር ይበቃል። መስከረም 1 የተጠቃች በግ የካቲት 1 አካባቢ ትወልዳለችና፣ ተጨማሪ መኖዋ ከታኅሣሥ 19 ጀምሮ ሊሰጣት ይገባል፤ ይህም ሣሩ ደርቆ መንጋው በታጨደ ማሳ ላይ የሚሰማራበት ወቅት ነው።

ቀጥሎ ጀርባዋ በእጅ ይዳሰሳል። ከመጨረሻዋ ጎድን ኋላ ሽንጧ ላይ ሲነካ የአከርካሪዋ ጫፍ ከሾለና ጣቶች ከጎን አጥንቶቹ ሥር በቀላሉ ከገቡ ከስታለች፤ አጥንቱ የሚገኘው ጫን ሲሉት ብቻ ከሆነ ግን በቂ ገላ አላት። በጽንስና በጭድ ሆዷ የተወጠረ በግ የወፈረች ስለምትመስል በዓይን ብቻ መፍረድ ያሳስታል።

የጤፍ ጭድ ብቻውን አይበቃም። የመኖው ፕሮቲን ከ7 በመቶ በታች ሲወርድ በጨጓራዋ ውስጥ ገለባውን የሚያብላሉት ጥቃቅን ተሕዋስያን ስለሚዳከሙ ጭዱ ሳይብላላ ይቆያል፤ በጓም ጨጓራዋ ሞልቶ ሳለ ትራባለች። መፍትሔው ሁለት እጅ የስንዴ ፉርሽካ ከአንድ እጅ የኑግ ፋጉሎ፣ ማለትም ዘይቱ ተጨምቆ ከሚቀረው ተረፈ ምርት ጋር ደባልቆ፣ 30 ኪሎ ለምትመዝን በግ በቀን ከ200 እስከ 300 ግራም ጠዋትና ማታ ከፍሎ መስጠት ነው። ጨጓራዋ እንዳይታወክ ከ50 ግራም ተጀምሮ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ይጨመራል፤ ጨውና ውኃም አይለያትም። ፋጉሎ ከሌለ የትሪ ሉሰርን ቅጠል ወይም ግብጦ ይተካዋል፤ ግብጦ ግን መራራና መርዛማ ስለሆነ ለሰው እንደሚደረገው ተቆልቶ ለቀናት በወራጅ ውኃ ካልተዘፈዘፈ አይሰጥም። በብዙ ቤት አተላውና እህሉ ለፋሲካ ገበያ ወደታሰረው ሙክት ሲሄድ እርጉዟ በጭድ መቅረቷ፣ የከርሞውን መንጋ ለዘንድሮው ገበያ እንደመሸጥ ነው።

መንታ ያረገዘችው የበለጠ ጥንቃቄ ትሻለች፤ ጽንሶቹ ሆዷን ስለሚያጣብቡባት ብዙ ጭድ መያዝ አትችልም። ከመንጋው ተነጥላ ከቆመች፣ አልበላም ካለች ወይም ከተደናበረች የእንስሳት ሐኪም በዚያኑ ቀን መጠራት አለበት።

ግልገሉ እንደተወለደ የእናቲቱ ጡት ጫፍ ተጨምቆ መድፈኛው ይወጣል፤ ከዚያም እንገሩን፣ ማለትም በሽታ ተከላካይ ንጥረ ነገር የያዘውን የመጀመሪያውን ወፍራም ወተት፣ በመጀመሪያዎቹ 2 ሰዓታት ውስጥ እንዲጠባ ይደረጋል። የአንጀቱ ግድግዳ ይህን ተከላካይ የሚያሳልፈው ለ24 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። 2.5 ኪሎ የሚመዝን ግልገል ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠባ 125 ሚሊ ሊትር፣ በቡና ሲኒ ሁለት ያህል፣ ያስፈልገዋል፤ የተራበች እናት ግን ይህን ያህል ላይኖራት ስለሚችል ከሌላ አዲስ ወላድ በግ ወይም ፍየል ታልቦ ይሰጠዋል።

ተጨማሪው መኖ ከወሊድ በኋላም ለ8 ሳምንታት ይቀጥላል። ግልገሉ አንድ ኪሎ ለመጨመር 5 ሊትር ያህል ወተት ስለሚፈልግ፣ በየሳምንቱ በሚዛን እየተሰቀለ ክብደቱ ይመዘገባል፤ እድገቱ ከቆመና የእናቲቱም ሽንጥ ዳግመኛ ከሾለ፣ በቅድሚያ መኖ የሚጨመረው ለእርሷ ነው።