ፊርማው የማን ነው?



ከዋሽንግተን አካባቢ አንድ ወንድማችን በውስጥ መስመር ጽፎልናል። የድሮ ቤዝቦል ተጫዋቾች የፈረሙባቸውን ፎቶዎች ይሰበስባል። (ፎቶ መሰብሰብን በተመለከተ ዑለሞች ያላቸውን ንግግር ለሌላ ጁሙዓ እናቆየው።) የኒው ዮርክ ያንኪሱ ሚኪ ማንትል ፈረመበት የተባለ ፎቶ ከነሰርተፊኬቱ በ400 ዶላር ገዛ። አንድ ነገሩን የሚያውቅ ሰው ሲያየው ግን «ፎርጅድ ይመስላል» አለው። አሁን ጥያቄው፦ «የፈረምኩት እኔ አይደለሁም። እንደገዛሁት ከነሰርተፊኬቱ ብሸጠው ምን አለበት?»

በሰርተፊኬቱ እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ኤፍ ቢ አይ «ኦፕሬሽን ቡልፔን» ባለው ምርመራ ካሊፎርኒያ ውስጥ ፎርጅድ ፊርማ የሚያመርት ትልቅ መረብ ያዘ። በሕይወት ያሉትንም የሞቱትንም ተጫዋቾች ስም ይፈርሙ ነበር። የማዘር ቴሬዛ ፊርማ ያለበት የቤዝቦል ኳስ ሳይቀር ተገኝቷል! ዕቃው የሚሸጠው ታዲያ ከነማረጋገጫ ወረቀቱ ነበር። ፊርማ የሚያስመስል ሰው ወረቀት ማተም አያቅተውም።

ከዚያ በኋላ የአሜሪካ ሜጀር ሊግ በ2001 የራሱን አሠራር ጀመረ። ተጫዋቹ ሲፈርም የሊጉ ምስክር እዚያው ቆሞ ያያል፤ ዕቃው ላይም ቁጥር ያለው ሆሎግራም ይለጠፋል። ማንትል ግን የሞተው በ1995 ነው። ስለዚህ የእሱን ፊርማ በዚህ መንገድ ያየ የሊጉ ምስክር የለም፤ ብዙ ጊዜ ያለው የባለሙያ ግምት ነው። ግምት ደግሞ ምስክርነት አይደለም።

የጆ ጃክሰን ነገር ይገርማል። ማንበብና መጻፍ ስለማይችል ብዙ ጊዜ የምትፈርምለት ሚስቱ ኬቲ ነበረች። በራሱ እጅ እንደፈረመው የታመነበት የ1911 ፎቶ በ2021 ከ1.4 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጧል። ያው ስም ነው፤ ገንዘቡ የተከፈለው የማን እጅ እንደሆነ ለማወቅ ነው።

ወንድሜ፣ አንተ የምትሸጠውም ይህንኑ ነው፤ ወረቀትና ቀለም አይደለም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ገበያ ላይ እህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ሲያስገቡ ውስጡ እርጥብ ሆኖ አገኙት። ሻጩ ዝናብ ነክቶት ነው አለ። ውሃውን እሱ አላፈሰሰም፤ እንዳንተው። የተወቀሰው እርጥቡን ሰው እንዲያየው ከላይ ስላላደረገ ነው።

እንግዲህ መጀመሪያ ወደ ሻጭህ ተመለስ። ፎርጅድ መሆኑ ከተረጋገጠ ዕቃውን መልሰህ ገንዘብህን መጠየቅ በሸሪዓ መብትህ ነው። በካርድ ከፍለህ ከሆነ ባንክህንም ጠይቅ። እምቢ ካለህና መሸጥ ከፈለግክ የሰማኸውን ሁሉ ለገዢው ንገረው፤ ሰርተፊኬቱን ግን አብረህ አትስጥ። ካንተ የገዛው ሰው ዝም ብሎ ለሌላ እንዳይሸጠው፣ ከፎቶው ጀርባ በእስክሪብቶ «ፊርማው ያጠራጥራል» ብለህ ጻፍበት። አዎ፣ ያኔ 400 ዶላር አያወጣም። ምናልባት 20 ያወጣ ይሆናል።