ማዕድ፣ ደንገልና የግቢ በር፦ የዩኒቨርሲቲ አካታችነት ከጣና ዳርቻ ሲታይ

የተማሪዎች ደኅንነት፣ አካታችነትና የአካባቢ ዘላቂነት በከፍተኛ ትምህርት ውይይቶች ዘንድ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ሦስት የተለያዩ ርእሶች ይታያሉ። የመጀመሪያው የምክር አገልግሎት፣ ሁለተኛው የቅበላና የድጋፍ፣ ሦስተኛው ደግሞ የምርምርና የማኅበረሰብ አገልግሎት ሥራ ተደርጎ ይወሰዳል። በባሕር ዳር ይህ አከፋፈል አያስኬድም። ምክንያቱም ሦስቱም ጥያቄዎች በአንድ ማኅበረሰብ ኑሮ ላይ ይገናኛሉ፤ እርሱም በጣና ዳርቻ የሚኖረው፣ በጽሑፎች ነገደ ወይጦ ተብሎ የሚታወቀው ሕዝብ ነው። «ወይጦ» የሚለው ስም ለረጅም ጊዜ የንቀት መጠሪያ ሆኖ ስለ ቆየ፣ ከዚህ በኋላ «ነገደ» የሚለው ስም ብቻ ያገለግላል።

ነገደዎች ዛሬ አፍ መፍቻቸው አማርኛ ነው፤ የቀድሞ ቋንቋቸው ጠፍቷል። ራሳቸውን ሙስሊም ብለው ይጠራሉ። ኑሯቸው ከሐይቁ ጋር የተሳሰረ ነው፤ ዓሣ ያጠምዳሉ፣ ደንገል አጭደው ታንኳ ይሠራሉ፣ ከሣርና ከደንገል ልዩ ልዩ ዕቃ ይሰፋሉ። የመገለላቸው ሥር ግን ሥራቸው ሳይሆን ማዕዳቸው ነበር። ቀድሞ ጉማሬ አድነው ሥጋውን ይበሉ ስለ ነበር፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጎረቤት ከእነርሱ ጋር አብሮ መብላትንና መጋባትን ነውር አደረገው። የጉማሬ አደን ከቀረ በኋላም መጠየፉ በአንድ ጊዜ አልጠፋም። ይህ ለማኅበራዊ ሳይንስ አጥኚ ትኩረት የሚያሻው ነጥብ ነው፤ ምክንያቱ ጠፍቶ ልማዱ ብቻውን ሊቆም ይችላልና።

የኢትዮጵያ የቅድመ ምረቃ ተማሪ ሕይወት ደግሞ የሚሽከረከረው በካፌ ዙሪያ ነው። ከአገሪቱ ማዕዘናት ተመድበው የመጡ ወጣቶች በወጪ መጋራት ሥርዓት በአንድ አዳራሽ ይመገባሉ፤ «ነን ካፌ» የሆነው እንኳ ከጓደኞቹ ጋር ከአንድ ትሪ ይጎርሳል። ጓደኝነት የሚጀመረው፣ የጥናት ቡድን የሚመሠረተው፣ የታመመ ተማሪ መቅረቱ የሚታወቀው በዚያ ነው። እንግዲህ ቤተሰቡ ለትውልዶች ከማዕድ የተገለለ ተማሪ ወደዚህ አዳራሽ ሲገባ፣ የደኅንነቱ ጥያቄ በአማካሪ ቢሮ ብቻ የሚመለስ አይሆንም። ማንነቱን ሰውሮ ቢቀመጥ፣ መሰወሩ ራሱ ሸክም ነው፤ ይህን ሸክም ደግሞ የትኛውም የተማሪ መረጃ ቅጽ አይመዘግበውም።

ከአዳራሹ በፊት ግን የግቢው በር አለ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በጥር 2015 ዓ.ም. ሲገለጽ፣ ከ896,520 ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ፣ ማለትም 3.3 በመቶ ነበሩ። በሩ ለሁሉም በጠበበበት ጊዜ ማን እንደሚቀር መገመት አያዳግትም። በተማሪ ምደባ ሲሠራበት የቆየው ልዩ ድጋፍ በዋነኛነት የሚያተኩረው በሴቶች፣ በአካል ጉዳተኞች፣ በታዳጊ ክልሎችና በአርብቶ አደር አካባቢዎች ላይ ነው። መለኪያዎቹ ተገቢ ናቸው፤ ይሁን እንጂ የክልል መለኪያ በክልል ርእሰ ከተማ ውስጥ የሚኖር የተገለለ ማኅበረሰብን ማየት አይችልም። ለዩኒቨርሲቲው ቅርብ መሆን የትምህርት ዕድል ቅርበት ተደርጎ ይቆጠራል። ፖሊ በ1955 ዓ.ም. ተመሠረተ፣ ፔዳም ተከተለው፤ ሁለቱም በ1992 ዓ.ም. የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲን መሠረቱ። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ነገደዎች የከተማዋ ነዋሪዎች ነበሩ።

የዘላቂነት ጥያቄ የሚነሣው ከደንገሉ ነው። ደንገል ከመሬት ሥር በሚሄደው ግንዱ አማካይነት የሚያድግ ተክል ነው፤ አገዳው ቢታጨድ፣ ሥሩ ውኃ እስካልተለየው ድረስ መልሶ ያቆጠቁጣል። ታንኳ ውኃ እየጠጣ ቶሎ ስለሚያረጅ ሠሪው በየጊዜው ደንገል ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ የደንገሉ መኖር የራሱ ጥቅም ነው። ደንገልን የሚያጠፋው ረግረጉ ደርቆ መታረሱ ነው። በ1995 ዓ.ም. የሐይቁ ውኃ እጅግ ሲቀንስ ሰፊ የደንገል ስፍራ ወድሞ የባሕር ሸሽ እርሻ ተተካበት፤ ለመቀነሱ ድርቁና በጨራ ጨራ ለኃይል ማመንጫ የተለቀቀው ውኃ ተደራርበዋል። ደንገሉ ደለልንና ከእርሻ የሚታጠብ ማዳበሪያን አጣርቶ የሚያስቀር በመሆኑ፣ መሳሳቱ ንጥረ ምግቡ በቀጥታ ወደ ሐይቁ እንዲገባ መንገድ ይከፍታል። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የሐይቁ ፈተና የሆነው እንቦጭ የሚለመልመው እንዲህ ባለ ውኃ ነው።

ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ ሆኖ ተመዝግቧል። የባዮስፌር ሪዘርቭ ጽንሰ ሐሳብ ሰውን ከተፈጥሮ አጥሮ ማስወጣት ሳይሆን አጠቃቀሙን ማስማማት ነው። በዚህ መለኪያ የደንገል አጫጁ ዕውቀት የጥበቃው አካል መሆን ይገባዋል። ነገር ግን በምርምር ልማድ ነገደዎች የሚታዩት በመላሽነት ነው፤ መጠይቅ ይሞላላቸዋል፣ ፎቶግራፍ ይነሣሉ፣ ጥናቱም በእንግሊዝኛ ይታተማል። የምርምር ጥያቄውን የሚቀርጸው ሌላ ሰው ነው።

ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ከዚህ የሚመነጩ ሊሠሩ የሚችሉ ጥናቶች አሉ። አንደኛው የደንገል ማጨጃ ወቅትና ከፍታ በዳግም ዕድገቱ ላይ ያለው ውጤት ሲሆን፣ የመለኪያ ቦታዎቹን አጫጆቹ ራሳቸው ቢመርጡ፣ ለመረጃ ሰብሳቢነታቸውም እንደ ማንኛውም ረዳት አጥኚ ቢከፈላቸውና ስማቸው በጽሑፉ ላይ ቢሰፍር የሥነ ዘዴ ለውጥ ይሆናል። ሁለተኛው በዳርቻው ሰፈሮች ያሉ ልጆች ከየትኛው ክፍል ላይ ትምህርት እንደሚያቋርጡ መከታተል ነው፤ የመጀመሪያው መዝገብ የሚገኘውም በዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ሳይሆን በሰፈሩ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው።