የደን ሀብትና የእንጨት ውጤቶች ኢኮኖሚያዊ ጠቀሜታ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ

መግቢያ

ድርቅ በሚደጋገምባቸው አካባቢዎች ስለ ደን በተነሣ ቁጥር በቅድሚያ የሚወሳው አፈር እንዳይሸረሸር የሚሰጠው መከታ ነው። ይህ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ለገበሬው ቤተሰብ ዛፍ ከሁሉ አስቀድሞ ማገዶ፣ የቤት መሥሪያ፣ የእርሻ ዕቃና በክፉ ቀን የሚሸጥ ጥሪት ነው። በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል የሚገኙት የላይና የታች ጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ወረዳዎች ይህን በግልጽ ያሳያሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዛፍ ሀብት በእነዚህ ወረዳዎች ኑሮ ውስጥ ያለውን ስፍራ መመርመርና ለእርዳታና ለሰፈራ ሥራ የሚሰጠውን ትምህርት ማመልከት ነው።

የአካባቢው ሁኔታ

ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ የአካባቢው የውሃ ማማ ነው። ርብና ጉማራ ከዚህ ተነሥተው ወደ ጣና ሐይቅ ይፈስሳሉ። በምሥራቅና በደቡብ በኩል ግን መሬቱ እየተቆራረጠ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆዎች ይወርዳል። በዚህም ምክንያት በአጭር ርቀት ውስጥ ውርጭ፣ ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ ተከታትለው ይገኛሉ። የዛፉም ዓይነት በዚያው ልክ ይለያያል። በውርጩ አስታና ጅብራ፣ በደጋው ጥድ፣ ኮሶና ወይራ፣ በወይና ደጋው ዋንዛና ብሳና፣ በቆላው ደግሞ ልዩ ልዩ የግራር ዓይነቶች ይበቅላሉ።

ከጥቂት አሥርተ ዓመታት በፊት የኢትዮጵያ 40 በመቶ በደን የተሸፈነ ነበር የሚለው አኃዝ በብዙ ጽሑፎች ቢደጋገምም፣ የታሪክ ተመራማሪዎች ማስረጃው ደካማ መሆኑን አሳይተዋል። የሰሜኑ ደጋ ለብዙ ምዕት ዓመታት በበሬ ሲታረስ የኖረ አገር ነው። የቀደመው ደን ቅሪት በአብዛኛው የሚታየው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እ.ኤ.አ. በ2007 ባቀረቡት ጥናት በደቡብ ጎንደር በሚገኙ 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖች ውስጥ 168 ዓይነት ዛፎች፣ ቁጥቋጦዎችና ሐረጎች ተመዝግበዋል። እነዚህ ደኖች ለአገር በቀል ዛፎች የዘር ጎተራ ናቸው።

የእንጨት ጠቀሜታ በገበሬው ኑሮ

በእነዚህ ወረዳዎች የእንጨት ሥራ በዋናነት የገበሬው፣ የመንደሩ አናጢና የአጣና ነጋዴው ሥራ ነው። ሞፈሩ፣ ቀንበሩ፣ ድግሩና እርፉ ሁሉም እንጨት ናቸው። ለቤት ምሰሶ፣ ማገርና ወራጅ ያስፈልጋል። ዋንዛ ለበር፣ ለሙቀጫና ለከበሮ ይመረጣል። የደን አበባ ደግሞ ለንብ ቀፎው መሠረት ነው። እነዚህ ነገሮች አብዛኛውን ጊዜ በገበያ ስለማያልፉ በኢኮኖሚ ሒሳብ አይታዩም። ሲጠፉ ግን ጉድለታቸው ወዲያው ይታወቃል።

ከሁሉ የሚብሰው የማገዶ እጥረት ነው። እንጨት ሲታጣ ቤተሰቡ ኩበት ያነዳል። ወደ ማሳ መግባት የነበረበት ፍግ ምድጃ ውስጥ ይቀራል። አፈሩ ይሳሳል፣ ምርቱ ይቀንሳል፣ የቤተሰቡም ጎተራ ቀድሞ ይራቆታል። ስለሆነም ማገዶና እህል ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ሳይሆኑ የአንድ ችግር ሁለት ገጽታዎች ናቸው።

ባሕር ዛፍ እንደ ጥሪት

በ1887 ዓ.ም. ገደማ ወደ ኢትዮጵያ የገባው ባሕር ዛፍ ዛሬ በአካባቢው ዋነኛው የተከላ ዛፍ ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለአጣና ይደርሳል፤ ከተቆረጠም በኋላ ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። በደርግ ዘመን በቻይና እርዳታ የተሠራው የወረታና የወልዲያ መንገድ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ በኩል የሚያልፍ በመሆኑ፣ አጣና በጭነት መኪና ወደ ከተሞች እንዲደርስ አስችሏል።

የዚህ ሀብት ትርጉም በድርቅ ጊዜ ይበልጥ ይገለጻል። ዛፍ የሌለው ገበሬ እህሉ ሲያልቅ በመጀመሪያ በጉን፣ ቀጥሎም በሬውን ይሸጣል። በሬውን የሸጠ ገበሬ ዝናብ ቢመጣም በወቅቱ አያርስም፤ መሬቱንም ለእኩል አራሽ ይሰጣል። ለሽያጭ የደረሰ ባሕር ዛፍ ያለው ግን በሬውን ለማትረፍ ዕድል አለው። በሌላ በኩል ባሕር ዛፍ በምንጭ ዳርና በእህል ማሳ አጠገብ ሲተከል ውሃና ምርት ይሻማል። ቦታው ካልተመረጠ ጥቅሙ ወደ ጉዳት ይለወጣል።

ካለፉት ሥራዎች የሚገኝ ትምህርት

አዋጅ ቁጥር 31/1967 የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ካደረገ በኋላ፣ በምግብ ለሥራ ፕሮግራም በብዙ ተራሮች ላይ ችግኝ ተተክሏል። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ግን በብዙ የአገሪቱ ክፍሎች እነዚህ ደኖች ተጨፈጨፉ። ተካዩ ሕዝብ እህል ተቀበለበት እንጂ ዛፉን የራሱ አድርጎ አልቆጠረውም ነበር። በ2010 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1065 ለግልና ለማኅበረሰብ ደን ባለይዞታነት እውቅና የሰጠው ይህን ጉድለት ለማረም ያግዛል። በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ለታቀፉት ለእነዚህ ወረዳዎችም ትምህርቱ ቀጥተኛ ነው፤ ችግኝ ከመቁጠር በፊት የዛፉ ባለቤት ማን እንደሆነ መወሰን አለበት።

ሰፈራም ከዚህ ጋር ይያያዛል። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከሸዋና ከሌሎችም ክፍለ ሀገሮች ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲዘዋወር በመተከልና በሌሎችም ስፍራዎች ሰፊ ደን ተመንጥሯል። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው ፕሮግራም በአማራ ክልል ሰፋሪዎች ከሄዱባቸው ስፍራዎች መካከል መተማና ቋራ ይገኛሉ። እነዚህም ዕጣን የሚሰጥ ዛፍ የሚበቅልባቸው አገሮች ናቸው። ያለ ጥናት የተመነጠረ የዕጣን ዛፍ ለዘለቄታው የጠፋ ገቢ ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ ከተዘረዘረው አራት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ የድርቅ ጉዳት ሲገመገም ከእህልና ከከብት ጋር የገበሬው ዛፍና የማገዶው ሁኔታ መመዝገብ ይገባዋል። ዛፍ ሳይደርስ ተቆርጦ በገበያ ሲበዛ ቤተሰቦች መጨረሻ ጥሪታቸው ላይ መድረሳቸውን ሊያመለክት ይችላል። ሁለተኛ፣ የማኅበረሰብ ደን ከተከላው በፊት የአጠቃቀም ደንብና የጥቅም ድልድል ያስፈልገዋል። ሦስተኛ፣ ባሕር ዛፍ በምንጭ ዳር ሳይሆን ለእርሻ በማይመች መሬት እንዲተከል፣ የአገር በቀል ዛፎች ዘርም ከቤተ ክርስቲያን ደኖች እንዲሰበሰብ ማድረግ ይጠቅማል። አራተኛ፣ ሰፋሪው ትቶት የሚሄደው ዛፍ በስሙ ሊመዘገብ፣ በአዲሱ ስፍራም የሚጠበቀው ደን ከምንጣሮው በፊት ሊከለል ይገባል።

እህል ለሰው የዓመቱን ቀዳዳ ይሸፍናል። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ በሬው በበረት እንዲቆይ፣ ፍጉም ወደ ማሳው እንዲመለስ ግን የዛፍ ሀብት አብሮ መገንባት አለበት።