አዲስ መሣሪያ ከተገጠመለት በኋላ አልነሣ ስለሚል መኪና

የጎጃም ጤፍና ድንች ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው፥ የሱቅ ሸቀጥም ወደ ደብረ ማርቆስ የሚመለሰው በጭነት መኪና ነው። መንገዱ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፥ ተጭኖ ያደረ መኪና በንጋት አልነሣ ቢል ባለ መኪናው ኪራዩን፥ ነጋዴውም የገበያ ቀኑን ያጣል።

ዛሬ ጂፒኤስ፥ አላርም፥ የፍጥነት መገደቢያና ቴፕ በብዙ መኪናዎች ላይ ከፋብሪካ ከወጡ በኋላ ይገጠማሉ። መሣሪያው መልካም ሆኖ ሳለ አገጣጠሙ ቢበላሽ መኪናው ሊቆም ይችላል። ስለዚህ ዕቃ ለመለወጥ ከመቸኰል በፊት ምልክቱን መለየት ይገባል።

አንደኛ፤ ቁልፉ ሲዞር መብራቱ የሚደክም ከሆነ ባትሪውን መመርመር ያሻል። በሚገባ የተሞላ ባለ 12 ቮልት ባትሪ መኪናው ቆሞ ሲያድር 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል፤ ከ12 በታች ከወረደ አብዛኛው ጉልበቱ አልቋል። ለአዲሱ ገመድ ሲባል የተፈታው የባትሪ ማሰሪያ ሳይጠብቅ ቀርቶ እንደ ሆነም ይታይ።

ሁለተኛ፤ መብራቱ ደምቆ ሳለ ሞተሪኖው ድምፅ ካላሰማ የተቆረጠ መሥመር ይፈለግ። አንዳንድ አላርምና ጂፒኤስ ስርቆትን ለመከላከል ወደ ሞተሪኖው የሚሄደውን ገመድ አስቆርጠው በመካከሉ ሪሌ ያስገባሉ። ሪሌው ሲበላሽ ወይም በእጅ የተጠመዘዘው ገመድ ሲላላ መሣሪያው ባለቤቱን እንደ ሌባ ይቆጥረዋል። መካኒኩ አስቀድሞ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈትቶ፥ የተቆረጠውን ገመድ እንደ ቀድሞው አገናኝቶ ሲሞክር መኪናው ከተነሣ ጥፋቱ ተገኘ።

ሦስተኛ፤ ሞተሪኖው እያዞረ ሞተሩ ካልተነሣ፥ ቫልቮላ ተቃጥሎ ወይም መሣሪያው ነዳጁን ዘግቶ ሊሆን ይችላል። የቁልፍ ምስል ያለው መብራት ብልጭ ድርግም ካለ ደግሞ መኪናው የራሱን ቁልፍ አላወቀም ማለት ይሆናል።

አራተኛ፤ ከሌላ ባትሪ ጉልበት ተበድሮ ተነሥቶ በማግሥቱ ዳግመኛ የሚሞት ከሆነ መሣሪያው ሌሊቱን ሙሉ እየጠጣ ነው። ግማሽ አምፔር የሚስብ መሣሪያ በ24 ሰዓት 12 አምፔር ሰዓት ይወስዳል፤ 60 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪም በ3 ቀን ከግማሽ በላይ ይጐድላል። ደኅና የቤት መኪና ቆሞ ሲያድር የሚስበው ከ0.05 አምፔር እምብዛም አያልፍም። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ስላላት፥ በብርድ ሌሊት የባትሪው ኃይል ይቀንሳል፤ የሞተሩም ዘይት ይወፍራል። በቆላ ያስነሣ የነበረው ባትሪ በደጋ ንጋት ያሳፍራል።

ይህን ለመለካት አምፔር መለኪያውን በኔጋቲቩ ማሰሪያና በገመዱ መካከል ማግባት፥ በሩን ዘግቶ ግማሽ ሰዓት ያህል መጠበቅ፥ ከዚያም ቫልቮላዎቹን አንድ በአንድ መንቀል ነው። ቁጥሩ የወረደበት መሥመር ጥፋተኛው ነው። መለኪያው በመካከል ሳለ ቁልፍ ማዞር አይገባም፤ ይቃጠላልና።

ብዙ የጭነት መኪናዎች ሁለት ባትሪ አጣምረው በ24 ቮልት እንደሚሠሩም አይዘንጋ። የ12 ቮልት ቴፕ ከአንዱ ባትሪ ብቻ ሲቀጠል ያ ባትሪ ይራቆታል፥ ሌላው ከመጠን በላይ ይሞላል፤ በመጨረሻም ሁለቱም ይጠፋሉ። መፍትሔው 24ን ወደ 12 የሚለውጥ መሣሪያ ማስገባት ነው።

የተጫነ መኪናን በቁልቁለት አንከባልሎ ለማስነሣት መሞከር ግን ከፍ ያለ አደጋ አለው። ሞተሩ ሳይነሣ የመሪው ረዳት ኃይል አይሠራም፤ የፍሬኑም አየር አይሞላም። በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል ወደ ዓባይ በሚወርደው መንገድ ይህን መድፈር ሕይወትን መድፈር ነው።

የአስመጪውና የባለ ሱቁም ድርሻ አለ። በየመሣሪያው ላይ ስንት ቮልትና ስንት አምፔር እንደሚፈልግ በአማርኛ ይጻፍ፤ ከባትሪው አጠገብ የሚገባ ቫልቮላና የገመድ አቀጣጠል ሥዕል አብረው ይሸጡ። ገዢውም የትኛው ገመድ እንደ ተቆረጠ ከገጣሚው በጽሑፍ ይቀበል። ይህ አንድ ወረቀት በመንገድ ላይ የቆመን መኪና ቶሎ ያስነሣል፤ የሻጩንም ስም ያስከብራል።