ለሽማግሌዎች የማይከብድ የጥንት ጫካ መንገድ



በእስራኤል የምናየው ብዙው የጥድ ጫካ በ20ኛው ክፍለ ዘመን በሰው እጅ የተተከለ ነው። የጥንቱ ጫካ የቀረው በጥቂት ቦታ ነው። ከነዚህ ሁለቱ ለእግር ቀላል ናቸው።

1. አሎኔ አባ፦ ከቂርያት ቲቮን በስተ ምሥራቅ ነው። ዛፉ አሎን ታቦር ይባላል፤ በክረምት ቅጠሉን ያረግፋል። በ1ኛው የዓለም ጦርነት ቱርኮች ለባቡር ማገዶ ብዙ አሎን ቆርጠዋል፤ ይህ ግን ተርፏል። መንገዱ ትልቅ ዳገት የለውም። ድንጋይ ላይ የተቀባውን ምልክት፣ በሁለት ነጭ መስመር መካከል ያለውን ቀለም፣ ተከተሉ።

2. ሖርሻት ሀአርባዒም፦ በቀርሜሎስ ተራራ ላይ ነው። ድሩዞች ቦታውን ቅዱስ ስለሚሉት ዛፉ አልተቆረጠም። በጥላው ተዘዋውሩ፣ ዕረፉ። ወደ ናሐል ኬላሕ የሚወርደው ግን ድንጋያማ ቁልቁለት ስለሆነ ለጉልበት ይከብዳል።

ጠዋት ሂዱ፤ ውሃና ምርኩዝ ያዙ። አበባ መቅጠፍና እንጨት መልቀም ክልክል ነው።

አባታችን አብርሃም በመምሬ የተቀመጠበት ዛፍ በዕብራይስጡ ኦሪት ኤሎን ይባላል፤ ስሙ ከአሎን ጋር ይቀራረባል። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ «የአድባር ዛፍ» ይለዋል። በአገር ቤት አድባር የሚባለውን ዛፍ ማንም እንደማይቆርጠው እናንተ ታውቃላችሁ። ስለዚህ ስትሄዱ የልጅ ልጆቻችሁን ውሰዱ። እኛ የዛፎቹን ስም የምናውቀው በዕብራይስጥ ብቻ ነው። የአማርኛውን ካልነገራችሁን ጫካው ይቆያል፣ ስሙ ግን ይጠፋል።