ወንዝ ሲሞላ በጀልባ ስለ መሄድ

የዚህን ጽሑፍ አርእስት ስታዩ ሳትሥቁ የምታልፉ አይመስለኝም። የክፍል ጓደኞቼም በሰሙ ጊዜ ሥቀዋል፤ አንደኛውም «በሽንሌ ጀልባ የሚነዳው ማን ነው? ግመል ነውን?» ብሎ ጠየቀኝ። አልፈረድሁበትም። የእኛ ወንዝ የዓመቱን የሚበዛውን ጊዜ አሸዋ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፤ ሴቶች ቆፍረው ውሃ ይቀዱበታል፤ ግመሎችም ይተኙበታል። ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ የተዘረጋው የድሮው የባቡር ሐዲድ በደረቅ አሸዋ ላይ በድልድይ ሲያልፍ ያየ እንግዳ ሰው፥ አሸዋን ለመሻገር ድልድይ ለምን እንዳስፈለገ ሳይገርመው አይቀርም። በሶማልኛ ቋንቋ ውሃው የማይቋረጠው ትልቅ ወንዝ «ወቢ» ሲባል፥ ደርቆ ከርሞ በዝናብ ጊዜ ብቻ የሚፈሰው ግን «ቶግ» ይባላል። እኛ ያለን ቶግ ነው።

ቢሆንም ይህን ትምህርት እንዳጠና ያስገደደኝ ነገር አለ፤ እርሱንም ሳልደብቅ አስቀድሜ እነግራችኋለሁ።

ባለፈው ዓመት በሚያዝያ ወር ከአብቲ ጋር አሥራ ሰባት ፍየሎች እየነዳን ከገጠር ወደ ከተማ እንመለስ ነበር። አብቲ ማለት በእኛ ዘንድ የእናት ወንድም ማለት ነው። ፍየሎቹ በማግሥቱ ድሬዳዋ ገበያ ተሸጠው፥ ከዋጋቸው የሚበዛው ለአብቲ የዓይን ሕክምና እንዲሆን ታስቦ ነበር፤ ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታልና። እኔም በማግሥቱ ፈተና ነበረብኝ። ከወንዙ ዳር ስንደርስ ከራሳችን በላይ ያለው ሰማይ ጥርት ያለ ነበር፤ በስተደቡብ ግን የሐረርጌ ተራሮች በደመና ተሸፍነው ነበር። በአሸዋው ላይ ቡናማ ውሃ ይወርዳል። አብቲ እንደ ልማዳቸው ማንቆርቆሪያቸውን አውርደው ሊቀመጡ ፈለጉ። እኔ ግን ፈተናዬን አስቤ ቸኮልሁ። «ውሃው ምን ያህል ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «ጉልበት አይደርስም» አልኋቸው።

በእርግጥም ስንገባ ጉልበት አይደርስም ነበር። መካከል ስንደርስ ከላይ በኩል የጭነት መኪና የሚመስል ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በሥርዓት ልነግራችሁ አልችልም። አብቲ ወደቁ፤ እኔም ሽርጣቸውን ይዤ ጎተትሁ፤ ወዲያ ማዶ የወጣነው ከገባንበት ቦታ እጅግ ርቀን ወደ ታች ነበር። ከፍየሎቹ ስድስት ቀሩ። ሕክምናውም ለሌላ ዓመት ተላለፈ። አብቲ ስለዚያ ቀን አንድም ቃል ተናግረውኝ አያውቁም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚህ በኋላ የፊዚክስ መምህራችንን፥ ጉልበት የማይደርስ ውሃ ትልቅ ሰው እንዴት ሊጥል እንደሚችል ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 1000 ኪሎ ግራም እንደሚመዝን፥ የሚሮጥ ውሃ የሚገፋበትም ኃይል ከፍጥነቱ ካሬ ጋር እንደሚያድግ በሰሌዳ ላይ ጽፈው አስረዱኝ። ይኸውም ፍጥነቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ፥ ሦስት እጥፍ ሲሆን ደግሞ ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። በኃይል የሚወርድ ውሃ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም ሰውን ከእግሩ ሊያነሣ ይችላል፤ 60 ሳንቲ ሜትር ሲሞላ ብዙዎቹን መኪናዎች ያንሳፍፋል። አብቲ «ምን ያህል ነው» ሲሉኝ እኔ የመለስሁት ጥልቀቱን ብቻ ነበር። ፍጥነቱን አላየሁም። መምህሩም ወንዝን ከሚሻገረው ይልቅ በላዩ የሚኖረው ያውቀዋልና የጀልበኞችን ሥራ እንዳነብ መከሩኝ። የጀልባው ነገር የመጣው በዚህ ምክንያት ነው።

በአገራችን ውሃ እስኪሞላ ተጠብቆ መርከብ ይሄድበት የነበረ ወንዝ ባሮ ነው። ባሮ ከጋምቤላ ወደ ምዕራብ ወርዶ ከፒቦር ጋር ሲገናኝ ሶባት ተብሎ ይጠራል፤ ሶባትም ከነጭ ዓባይ ጋር ይቀላቀላል። ስለዚህ ከጋምቤላ ተነሥቶ እስከ ካርቱም በውሃ መድረስ ይቻል ነበር። ዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተዋዋሉት ውል በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ፈቀዱ፤ ጣቢያውም በጋምቤላ ቆመ። የእንፋሎት መርከቦች በክረምት ወራት ጨውና ጨርቅ ይዘው ይመጡ ነበር፤ ሲመለሱም የኢትዮጵያን ቡና ይጭኑ ነበር። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነፃ ከወጣች በኋላ ጣቢያው ለኢትዮጵያ ተመለሰ፤ የመርከቡም ንግድ እያደር ቀረ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን የገረመኝ የመርከበኞቹ ጭንቀት ነው። እኛ ውሃ እንዳይመጣብን እንፈራለን፤ እነርሱ ግን እንዳይሄድባቸው ይፈሩ ነበር። በመጸው ወራት ቸል ብሎ የቆየ መርከብ ውሃው ሲጎድል አሸዋ ላይ ተቀምጦ የሚመጣውን ክረምት መጠበቅ ግዴታው ነው። የአገሩ ሰዎች፥ አኙዋና ኑዌር፥ ከግንድ ፈልፍለው በሚሠሩት ታንኳ በጎደለውም ውሃ ይሄዳሉ፤ ታንኳው ቀላልና ለጥቂት ውሃ የሚበቃ ነውና።

ወንዝ ሲሞላ ጀልባን መንዳት ምን እንደሚጠይቅ ለመረዳት ግን የእንግሊዝ አገር ጠባብ ጀልባ የተሻለ ምሳሌ ሆኖ አገኘሁት። ይህ ጀልባ ስፋቱ ሁለት ሜትር ከጥቂት ብቻ ሲሆን ርዝመቱ እስከ 22 ሜትር ይደርሳል። ለእኔ በውሃ ላይ የሚሄድ የባቡር ፉርጎ ይመስለኛል። በ18ኛው መቶ ዓመት በተቆፈሩት ቦዮች ላይ ፈረስ እየጎተተው የድንጋይ ከሰል ያመላልስ ነበር፤ ዛሬ በሞተር ይሄዳል፤ ቤታቸው አድርገው የሚኖሩበት ሰዎችም አሉ። የቦይ ውሃ የቆመ ስለ ሆነ ለዚህ ጀልባ ይስማማዋል። ችግሩ የሚጀምረው ቦዩ ከወንዝ ጋር ሲገናኝና ወንዙም ሞልቶ ሲገኝ ነው።

ሒሳቡን እንመልከት። ጀልባው በቆመ ውሃ ላይ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ይሁን፤ ወንዙም በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ይፍሰስ። ጀልባው ሽቅብ ሲሄድ 2፥ ቁልቁል ሲወርድ ግን 10 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይጓዛል። የወንዙ ፍጥነት 6 ቢደርስ፥ ሽቅብ የሚሄደው ጀልባ ሞተሩ እየጮኸ ባለበት ይቆማል። ይህን ማንም ተማሪ ደምሮና ቀንሶ ያገኘዋል። የሚያታልለው ቁልቁል የሚወርደው ነው። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር የሚበርር ጀልባ ለነጂው የታዘዘለት ይመስለዋል፤ ነገር ግን የጀልባ መሪ የሚሠራው ውሃ በአጠገቡ ሲያልፍ ብቻ ነው። ነጂው ፈርቶ ሞተሩን ቢያቀዘቅዝ ጀልባው ከውሃው ጋር እኩል ይሄዳል፤ በመሪው በኩል የሚያልፍ ውሃም አይኖርም። መሪውን ቢያዞር ባያዞር ለውጥ የለውም፤ ጀልባው እንደ ግንድ ይንሳፈፋል። ቁልቁል ሲወርድ ሞተሩን ፈጽሞ ማቀዝቀዝ እንደማይገባ፥ መቆም የፈለገም አስቀድሞ ጀልባውን አዙሮ አፍንጫውን ወደ ሽቅብ ማድረግ እንዳለበት የሚነገረው ለዚህ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ረጅሙ ጀልባ ወንዙን አግድም ይዞ ከድልድይ ምሰሶ ጋር ሲጋጠም ነው። ያን ጊዜ ውሃው ጀልባውን በሙሉ ጎኑ ይገፋዋል፤ ምሰሶው አይለቅም፤ ጀልባውም ይገለበጣል። አብቲም በወደቁ ጊዜ እንዲሁ ጎናቸውን ለውሃው ሰጥተው ነበር።

ማሰሩም ራሱን የቻለ ዕውቀት ነው። ውሃው እየጨመረ ሳለ ገመዱን አጥብቆ አስሮ የተኛ ሰው፥ ጀልባው ከፍ ማለት ተስኖት በጎኑ ሲያዘነብል ያገኘዋል። ውሃው እየጎደለ ሳለ እንዲሁ ያደረገ ደግሞ ጀልባው ዳሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀርበታል። ስለዚህ ገመዱ ትርፍ ይተውለታል፤ በሌሊትም ተነሥተው ያዩታል።

በቴምዝ ወንዝ ላይ ደግሞ የውሃ በር ጠባቂዎች ሰሌዳ ይሰቅላሉ። ቢጫው ፍሰቱ እየጨመረ ወይም እየቀነሰ መሆኑን ያስታውቃል፤ ቀዩ ግን ወንዙ በርትቷልና አትውጡ ይላል። ቀዩ ሲሰቀል ጀልበኛው ገመዱን አስሮ ሻዩን ያፈላል። አንዳንድ ጊዜ ቀናት ይጠብቃል። ይህን ባነበብሁ ጊዜ የአብቲ ማንቆርቆሪያ ትዝ አለኝ።

የሞላ ውሃ ፈልገው የገቡበትም አሉ። በ1960 ዓ.ም. ክረምት መገባደጃ ላይ በእንግሊዛዊው የጦር መኮንን በጆን ብላሽፎርድ ስኔል የተመራ ጓድ በዓባይ ሸለቆ በጀልባ ወረደ። ወንዙ ሲሞላ ዐለቱን ይሸፍነዋልና ይህንን ወቅት መረጡ። የጦር ሠራዊት ጠፍጣፋ ጀልባዎችና በአየር የሚነፉ የጎማ ጀልባዎች ነበሯቸው። ከመካከላቸው አንድ ወታደር ወንዝ ሲሻገር ውሃ ወስዶት ሞተ። ሐኪም፥ ገመድና የሠለጠነ ሰው ካለው ጓድ መካከል! እዚህ ላይ መጽሐፉን አጥፌ ጥቂት ተቀመጥሁ።

አሁን ወደ ቶጋችን ልመለስ። ከጀልበኞች የምንለየው በአንድ ነገር ነው፤ የእነርሱ ወንዝ በቀናት ይሞላል፤ የእኛው ግን በደቂቃ ይደርሳል። አማርኛው «ደራሽ ውሃ» ማለቱ የሚገባ ነው። በሐምሌ 29 ቀን ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ድሬዳዋን ሲመታ ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ዝናቡ የበረታው በደጋው ላይ ነበር፤ ውሃውም በተኙበት ደረሰባቸው። ስለዚህ በእኛ አገር መታየት ያለበት ከራስ በላይ ያለው ሰማይ ሳይሆን የተራራው ሰማይ ነው። ሌላው ምልክት ለጀልበኛውም ለእኛም አንድ ነው፤ ውሃው ጭራሮና አረፋ ይዞ ከመጣ እየጨመረ ነው። ከዳርና ከዳር ያለውን ደረቅ እንጨት የሚያነሣው ከፍ የሚል ውሃ ነውና። በዚያ ቀን ጭራሮውን አይቼው ነበር።

በዕረፍት ጊዜ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር በመሻገሪያው አጠገብ ባለው ዐለት ላይ ሦስት ሰፋፊ መሥመሮች ቀባን፤ ነጩ ከአሸዋው 10፥ ቢጫው 20፥ ቀዩ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ጎርፉ አሸዋውን ስለሚያነሣና ስለሚያመጣ ከየጎርፉ በኋላ እንደገና መለካት አለብን፤ በዚህም ሰዎች ይሥቁብናል። ቀለም ጥልቀትን እንጂ ፍጥነትን ስለማይናገር፥ በዳሩ ላይ 10 ሜትር ለክተን በሁለት ድንጋይ ምልክት አድርገናል። ጭራሮ ወርውረን ከአንዱ ድንጋይ እስከ ሌላው ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ እንቆጥራለን። አምስት ሰከንድ ከሆነ ውሃው በሰከንድ 2 ሜትር ይሮጣል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ቢጫው ሳይነካም አንገባም። ደራሹ ራሱ ከመጣ ግን መሥመሩም ቆጠራውም ስለማይጠቅም መሸሽ ብቻ ነው።

በቅርቡ ከአብቲ ጋር በዚያው መንገድ ስንመለስ ውሃ ወርዶ አገኘን። ፍየሎቹ በዚህ ጊዜ ዘጠኝ ነበሩ። አብቲ ቆሙና «ስንተኛው ላይ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ወደ ዐለቱ ቀርቤ አየሁ፤ ጭራሮም ወርውሬ ቆጠርሁ።

«ነጩ ጠልቋል፤ ቢጫው ይታያል፤ ነገር ግን ይሮጣል» አልኋቸው።

ማንቆርቆሪያውን አወረዱ። እኔም እንጨት ለመልቀም ሄድሁ።