ከክንፍ ተጫዋቹ ምን እንማራለን?
የፖላንዳዊው የግዤጎሽ ላቶ የኳስ ሕይወትና የእኛ ሙያ



ባለፈው የማስተማር ልምምድ ጊዜ ከመካከላችን አራታችን የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ደርሶን ነበር። ኳሷ አንድ፣ ተማሪው ከ60 በላይ። ፊሽካው እንደተነፋ ያ ሁሉ ልጅ ኳሷን ከቦ እንደ ንብ መንጋ ከወዲያ ወዲህ ይተም ጀመር። ሁለት ልጆች ግን መስመሩ ዳር ቆመው ቀሩ። ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ኳሷ እግራቸውን አልነካችም። በግምገማው ላይ ተቆጣጣሪ መምህራችን፣ «እነዚያ ሁለቱ ዛሬ ምን ተማሩ?» ብለው ሲጠይቁን መልስ አጣን። እውነቱን ለመናገር፣ ከእኛ መካከል ሁለቱን ልጆች ልብ ብሎ ያየ እንኳ አልነበረም።

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሳሳን ያ ጥያቄ ነው። መስመር ዳር ቆሞ ትልቅ ሥራ የሠራ ተጫዋች ፈልገን የአንዱን ታሪክ አጠናን። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ እናሳስባለን።

ሀ. ትውልዱና ክለቡ

ግዤጎሽ ላቶ ኤፕሪል 8 ቀን 1950 ማልቦርክ በምትባል የሰሜን ፖላንድ ከተማ ተወለደ። ተጫዋች ሆኖ የወጣው ግን በደቡብ ምሥራቅ ፖላንድ ከምትገኘው ከሚዬሌትስ ነው። ሚዬሌትስ ትልቅ ከተማ አይደለችም፤ ስሟ የሚነሳው በአውሮፕላን ፋብሪካዋ ነው። ስታል ሚዬሌትስ የተባለውም ክለብ የዚሁ ፋብሪካ ቡድን ነበር። «ስታል» በፖላንድኛ አረብ ብረት ማለት ነው።

ይህ የፋብሪካ ቡድን የታላላቆቹን ከተሞች ክለቦች እያሸነፈ በ1973 እና በ1976 የፖላንድ ሻምፒዮን ሆነ። ላቶ በ1973 በ13 ጎል፣ በ1975 ደግሞ በ19 ጎል የአገሩ ሊግ ኮከብ ጎል አግቢ ሆኖ ጨርሷል። ክንፍ ተጫዋች ሆኖ ይህን ያህል ማግባት ቀላል ነገር አይደለም። ለምን እንደሆነ ቀጥለን እንመልከት።

ለ. ክንፍ ተጫዋች ሥራው ምንድን ነው?

ብዙዎቻችን ክንፍ ተጫዋች ሲባል በመስመር ላይ እየሮጠ አብዶ የሚሠራና ወደ መሐል የሚያሻማ ሰው ነው የሚመስለን። ይህ ስህተት ባይሆንም ግማሹ ብቻ ነው። ሥራውን በሦስት ከፍለን ብናየው ይሻላል።

አንደኛ፣ ሜዳውን ማስፋት ነው። የእግር ኳስ ሜዳ ወርዱ 68 ሜትር ገደማ ነው። ክንፍ ተጫዋቹ መስመሩን ይዞ ሲቆም የተቃራኒ ቡድን ተከላካይ ሁለት ምርጫ አለው። ወይ ተከትሎት ወደ ዳር ይወጣል፣ ያን ጊዜ መሐሉ ይከፈታል፤ ወይ ትቶት መሐል ይቆያል፣ ያን ጊዜ ክንፉ ነፃ ይሆናል። ስለዚህ ኳስ ባይነካም ዳር መቆሙ ራሱ ሥራ ነው። ዳር የቆመ ሁሉ ሥራ ፈት አይደለም።

ሁለተኛ፣ ጊዜን ማወቅ ነው። ክንፍ ተጫዋች ሩጫውን የሚጀምረው ኳሷ ከአቀባዩ እግር ስትለቅ ነው። ቀድሞ ከሮጠ ከጨዋታ ውጭ ይባላል፤ ከዘገየ ደግሞ ተከላካዩ ይቀድመዋል። ላቶ ፈጣን ሯጭ እንደነበር ሁሉም ይመሰክራል። ነገር ግን ፍጥነት ብቻውን ምን ያደርጋል? ባቡርም ፈጣን ነው፤ ጣቢያው ቀድሞ ለደረሰ ወይም ለዘገየ ሰው ግን አይጠቅምም።

ሦስተኛ፣ መስመሩን መተው ነው። ኳሷ በግራ ክንፍ በኩል ስትሻማ የቀኝ ክንፉ ዳር ቆሞ አያይም፤ ወደ ጎሉ አፍ ገብቶ የመጨረሻው ሰው ይሆናል። ላቶን ከሌሎች የለየው በተለይ ይህ ነው። በግራ በኩል የሚጫወተው ጓደኛው ሮበርት ጋዶሃ ሲያሻማ ወይም የማዕዘን ምት ሲመታ ላቶ ተከላካዮቹ ከረሱት ቦታ ብቅ ይላል። ምን አለፋችሁ፣ ብዙዎቹ ጎሎቹ እንዲህ የተገኙ ናቸው።

ሐ. በዌምብሌ የተነጠቀችው ኳስ

በ1972 ፖላንድ በሙኒክ ኦሎምፒክ በእግር ኳስ የወርቅ ሜዳሊያ ስታገኝ ላቶ የቡድኑ አባል ነበር፤ ይሁን እንጂ ዋና ተሰላፊ አልነበረም። የዚያን ጊዜው የአገሪቱ ኮከብ አጥቂ ቭወጂሚዬዥ ሉባንስኪ ነው። በጁን 1973 ፖላንድ እንግሊዝን በአገሯ 2 ለ 0 ስታሸንፍ ሉባንስኪ አንድ ጎል አግብቶ እዚያው ጨዋታ ላይ ክፉኛ ተጎዳ። በዚህ ምክንያት የ1974ቱ የዓለም ዋንጫ አመለጠው። በአንዱ ላይ የደረሰው ጉዳት ለሌሎቹ ኃላፊነት ሆነ። ተቀምጠው ሲጠብቁ የነበሩ ወጣቶች ተዘጋጅተው ባይገኙ ኖሮ ቀጥሎ ያለው ታሪክ አይኖርም ነበር።

ኦክቶበር 17 ቀን 1973 በለንደን ዌምብሌ ስታዲየም የመልሱ ጨዋታ ተደረገ። እንግሊዝ ለማለፍ ማሸነፍ አለባት፤ ለፖላንድ እኩል መውጣት ይበቃታል። እንግሊዞች የፖላንድን ጎል ሲደበድቡ አመሹ፤ በረኛው ያን ቶማሼቭስኪ ግን አላስደፍር አለ። በ57ኛው ደቂቃ እንግሊዛዊው ተከላካይ ኖርማን ሃንተር መስመሩ አጠገብ ኳሷን ሊያርቅ ሲል ላቶ ነጠቀው። ከዚያም ወደ ፊት ገሰገሰ፤ ነገር ግን ራሱ አልመታም። በተሻለ ቦታ ላይ ለነበረው ለያን ዶማርስኪ አቀበለው፤ ዶማርስኪም አገባ። እንግሊዞች በፍጹም ቅጣት ምት አንድ እኩል ቢሆኑም ከዚያ አላለፉም። ፖላንድ ከ1938 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዓለም ዋንጫ አለፈች።

በመዝገብ ላይ ጎሏ የዶማርስኪ ናት። ኳሷን የነጠቀውና ያቀበለው ሰው ስም በውጤት ሰሌዳ ላይ አይጻፍም። ይህን ልብ እንበል፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

መ. የላቶ በጋ

«ላቶ» በፖላንድኛ በጋ ማለት ነው። የ1974ቱ የዓለም ዋንጫ በምዕራብ ጀርመን የተካሄደው በአውሮፓ በጋ በጁንና በጁላይ ነበርና በእርግጥም ስሙን የመሰለ ወራት ሆነለት። ያን ጊዜ ዕድሜው 24 ዓመት ነበር።

በመጀመሪያው ጨዋታ ፖላንድ አርጀንቲናን 3 ለ 2 አሸነፈች፤ ላቶ ሁለት አገባ። የመጀመሪያዋን ያገባው የአርጀንቲና በረኛ ከማዕዘን የመጣችውን ኳስ ሲለቃት ከጎኑ ተገኝቶ ነው። ቀጥሎ ሃይቲን 7 ለ 0 ሲያሸንፉ ሁለት ጨመረ። ጣሊያንንም 2 ለ 1 አሸነፉ፤ በዚህ ጨዋታ ያገቡት አንጄይ ሻርማህና አምበሉ ካዚሚዬዥ ዴይና ናቸው። በሁለተኛው ዙር ስዊድንን 1 ለ 0 ሲረቱ ብቸኛዋ ጎል የላቶ ነበረች፤ ዩጎዝላቪያን 2 ለ 1 ሲያሸንፉም ሁለተኛዋን ያስቆጠረው እሱ ነው።

ጁላይ 3 ቀን በፍራንክፈርት ከአስተናጋጇ ከምዕራብ ጀርመን ጋር ተገናኙ። ያሸነፈ ለፍጻሜ ያልፋል። ከጨዋታው በፊት ከባድ ዝናብ ጥሎ ሜዳው ኩሬ መስሎ ነበር፤ ኳሷ በውኃው ውስጥ ትቆም ነበር እንጂ አትንከባለልም። በፈጣን ክንፎች ለሚጫወት ቡድን ይህ ትልቅ መሰናክል ነው። ቶማሼቭስኪ ፍጹም ቅጣት ምት ቢያድንም ጌርድ ሙለር በ76ኛው ደቂቃ አግብቶ ምዕራብ ጀርመን 1 ለ 0 አሸነፈች።

ከሦስት ቀን በኋላ በሙኒክ ለሦስተኛ ደረጃ ከብራዚል ጋር ተጫወቱ። ብራዚል የ1970 ሻምፒዮን ነበረች። በ76ኛው ደቂቃ ላቶ በቀኝ በኩል ኳስ ይዞ አመለጠ፤ የተከተሉት ሳይደርሱበት ብቸኛዋን ጎል አስቆጠረ። ሦስት ቀን ቀደም ሲል በ76ኛው ደቂቃ የተሸነፈ ቡድን በዚያው ደቂቃ አሸነፈ። ላቶም በ7 ጎል የዓለም ዋንጫው ኮከብ ጎል አግቢ ሆነ።

ሠ. ከዚያ በኋላ

በ1976 በሞንትሪያል ኦሎምፒክ የብር ሜዳሊያ አገኘ። በ1978ቱ የዓለም ዋንጫ ሁለት፣ በ1982ቱ ደግሞ አንድ ጎል አገባ፤ በ1982 ፖላንድ እንደገና ሦስተኛ ወጣች። በሦስት የዓለም ዋንጫዎች በ20 ጨዋታ 10 ጎል ማለት ነው። ለብሔራዊ ቡድኑ በጠቅላላው 100 ጊዜ ተሰልፎ 45 ጎል አስቆጥሯል።

በዚያን ዘመን የፖላንድ ተጫዋቾች በአብዛኛው 30 ዓመት ሳይሞላቸው ወደ ውጭ ክለብ እንዲሄዱ አይፈቀድላቸውም ነበር። ስለዚህ ላቶ ምርጥ ዓመታቱን በሚዬሌትስ አሳልፎ በ1980 ወደ ቤልጂየሙ ሎክረን፣ በ1982 ደግሞ ወደ ሜክሲኮው አትላንቴ ሄደ። አውሮፓና ዓለም በሚያውቀው ዕድሜው የተጫወተው ለዚያው ለፋብሪካው ቡድን ነው።

ረ. ተጫዋቹና አሠልጣኙ

አሁን ለእኛ ለእጩ መምህራን ዋናው ወደሆነው ነጥብ ደርሰናል።

ላቶ ጫማውን ከሰቀለ በኋላ ስታል ሚዬሌትስን፣ ኦሊምፒያ ፖዝናንን፣ አሚካ ቭሮንኪንና ቪጄቭ ዉጅን የመሳሰሉ ክለቦችን አሠልጥኗል። ከ2001 እስከ 2005 የአገሩ ሴኔት አባል፣ ከ2008 እስከ 2012 የፖላንድ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ነበር። ነገር ግን በአሠልጣኝነቱ በተጫዋችነቱ የነበረውን ዓይነት ድል አላገኘም፤ በፕሬዚዳንትነቱም ከደጋፊዎችና ከጋዜጦች ብዙ ወቀሳ ቀርቦበታል።

በአንጻሩ የ1974ቱን ቡድን ያሠለጠኑትን ካዚሚዬዥ ጉርስኪን እንመልከት። እሳቸው በተጫዋችነታቸው ለፖላንድ ብሔራዊ ቡድን የተሰለፉት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም በ1948 ዴንማርክ ፖላንድን 8 ለ 0 ባሸነፈችበት ጨዋታ ነበር! ከዚያ ሰው እጅ ነው የ1972ቱ ወርቅ፣ የ1974ቱ ሦስተኛ ደረጃና የ1976ቱ ብር የወጣው።

በዝግጅት ስብሰባችን ላይ በዚህ ነጥብ ተከራክረናል። አንዳንዶቻችን «ራሱ ያልቻለ እንዴት ሌላውን ያስችላል?» አልን። ሌሎቻችን ደግሞ «የቻለ ሰው እኮ እንዴት እንደቻለ ላያውቀው ይችላል» አልን። በመጨረሻ የተስማማነው በዚህ ነው፦ ማወቅና ማሳወቅ ሁለት ሙያ ናቸው። ሂሳብ ሳይቸገር የሚሠራ ልጅ፣ ሌላው ለምን እንደሚቸገር ላይገባው ይችላል። በክፍሉ አንደኛ ወጥቶ የማያውቅ እጩ መምህር በዚህ ምክንያት ብቻ ልቡ ሊወድቅ አይገባም። አንደኛ ይወጣ የነበረውም በዚያ ብቻ ጥሩ አስተማሪ እሆናለሁ ብሎ አይዘናጋ። ሁለቱም ማሳወቅን ከሀ መጀመር አለባቸው።

ሰ. ወደ ሜዳችንና ወደ ክፍላችን

በቀጣዩ ልምምዳችን የሚከተለውን ሞከርን።

1. ሜዳውን በኖራ በቁመቱ ሦስት ቦታ ከፈልነው፦ ግራ፣ መሐልና ቀኝ። ኳሷ ሁለቱንም ዳሮች ሳትነካ የገባች ጎል አትቆጠርም አልን።

2. ተማሪዎቹ ከቤታቸው የጨርቅ ኳስ ሠርተው እንዲመጡ አድርገን በትንንሽ ቡድን አጫወትናቸው። በየ5 ደቂቃው ቦታ ይለዋወጣሉ።

3. ተራቸውን የሚጠብቁት ዝም ብለው አይቀመጡም። ጎል ሳይሆን ያለ ኳስ የተደረጉ ጥሩ ሩጫዎችን ይቆጥራሉ፤ በመጨረሻም ለክፍሉ ይናገራሉ።

ውጤቱን ሳናጋንን እንንገራችሁ። ከሁለቱ ልጆች አንዷ ኳሷን ተቀብላ ለጓደኛዋ አቀበለች፤ ቆጣሪዎቹም ስሟን ጠሩ። ሌላው ግን ኳሷ ስትመጣበት አሁንም ሸሸ። ከእሱ ጋር ገና ሥራ ይቀረናል።

ይህ ነገር በሜዳ ብቻ አይወሰንም። መምህሩ ጥያቄውን እጅ ለሚያወጡት ለፊተኞቹ ብቻ ሲወረውር ኳሷ መሐል ሜዳ ቀረች ማለት ነው። ግድግዳ ጥግ የተቀመጠው ልጅ መስመር ዳር የቆመ ክንፍ ነው፤ ምናልባት ጊዜውን እየጠበቀ ይሆናል፣ ምናልባትም ፈርቶ ይሆናል። የትኛው እንደሆነ የምናውቀው ኳሷን ስናቀብለው ነው። ተመልካች ጎል ይቆጥራል፤ መምህር ግን ሩጫውንም መቁጠር አለበት።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ዳር የቆመ ተማሪ እየጠበቀ ይሁን ፈርቶ ለመለየት ምን ምልክቶችን ታያላችሁ?

2. ላቶ በዌምብሌ ራሱ ከመምታት ይልቅ ለዶማርስኪ አቀበለ። ውጤት ላይ ስሙ የማይጻፈውን ተማሪ ሥራ በነጥብ አሰጣጣችን እንዴት ልናከብር እንችላለን?

3. አንድ ጊዜ ብቻ ተሰልፈው በከባድ ሽንፈት የወጡት ጉርስኪ፣ ያ ሽንፈት ለማስተማር የጠቀማቸው ይመስላችኋል? ከራሳችሁ ትምህርት የወደቃችሁበትን አንድ ቦታ አንስታችሁ መልሱ።

መልሳችሁን ከጋዜጣው ሰሌዳ ሥር ባለው ሳጥን ውስጥ አስገቡልን፤ የተሻለውን በሚቀጥለው እትም እንለጥፋለን። ሁለተኛውን ልጅ ኳስ እንዲቀበል ማድረጊያ ዘዴ ያለው ካለ ግን ሳጥኑን ሳይጠብቅ በአካል ይንገረን።